አንድ ብልቃጥ ደም

ዶክተሯ «የመጀመሪያዋ ልጅሽ ምን ሆና ነው የሞተችው?» ስትለኝ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ልማዴ አይደለም። መገናኛ መጋረጃ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ከጠዋት እስከ ማታ አፌ አያርፍም። «ይሄ ቀለሙ ቢለቅ እከሊት አትበይኝ» ብዬ ስምል ነው የምውለው። ያን ቀን ግን ጉርድ ሾላ ባለ አንድ ክሊኒክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በዕድሜ እኩያዬ የምትሆን ሐኪም ፊት ተቀምጬ፣ የገዛ ልጄ በምን እንደሞተች አላውቅም ማለት አቃተኝ።

«ሞታ ነው የተወለደችው» አልኩ በመጨረሻ።

«እሱማ ለነርሷ ነግረሻት እዚህ ተጽፏል። ለምን እንደሆነ ነው የምጠይቅሽ። ጭንቅላቷ፣ ጀርባዋ እንዴት ነበር? ስታያት ልብ ያልሽው ነገር አለ?»

«አላየኋትም።»

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። ሦስት ወር የሞላው ሁለተኛ ፅንስ በሆዴ ይዤ ነበር የሄድኩት። ክትትል ልጀምር፣ ሜትሩን ሆዴ ላይ ዘርግተው ለክተው፣ ክኒን ሰጥተው ይሸኙኛል ብዬ ነበር። ሜትር የኔም መሣሪያ ስለሆነ አይከብደኝም። ይሄን ጥያቄ ግን አልጠበቅኩትም።

እንዳላያት የሆነው እንዲህ ነው። ከዚያ አራት ዓመት በፊት ምጡ ከቀኑ ቀድሞ መጣ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ሰሞን ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር። ሰፈራችን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከወሎ መጥታ አብራን የምትኖረው አማቴ ጎረቤት አስጠርታ፣ መኪና አስፈልጋ፣ ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ አደረሰችኝ። ልጅቷ እንደወጣች ደም ፈሰሰኝ። አንዲት ነርስ «ፍጠኑ!» ስትል ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ያለው ጨለማ ነው። ስነቃ በአምቡላንስ ወደ ሌላ ትልቅ ሆስፒታል ተወስጄ፣ ሌላ ጣሪያ ሥር፣ የሰው ደም እየገባልኝ ነበር። በማግስቱ አማቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደው፣ ልጄ። ሞታ ነው የተወለደችው። ቀብረናል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ስለ ልጅቷ አላነሳም። በኛ ዘንድ ደግነት ነው፤ እንዲህ የሆነባት እናት አይነገራትም፣ አታይም፣ ዓይኗ ላይ እንዳይቀርባት። የሕንፃው ሴቶች መጥተው ሳሎናችን ሞልተው ስለ ውሃ ፈረቃ አወሩ። ስለ ሊፍት አልባው አምስተኛ ፎቅ አወሩ። ጡቴ ወተት ሞልቶ ሲወጣጠር አማቴ ሻሿን ፈትታ ደረቴን ጠፍራ አሰረችልኝ፤ ያኔም አንዲት ቃል አልተናገረችም። ለልጄ በኪሮሽ የሠራኋት ቢጫ ኮፍያ ነበረች፤ ክሊኒክ በያዝነው ቦርሳ ውስጥ ከትቻት ነበር። ቦርሳው ተመለሰ፤ ኮፍያዋ የለችም። አንድ ቀን «የት ሄደች?» ብዬ ጠየቅኩ። አማቴ ፊቷን ወደ ምድጃው መልሳ «ለሰው ሰጠኋት» አለች። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ዶክተሯ ይህን ሁሉ ሰምታ ከመማሪያ መጽሐፍ የምታነብልኝ ሳይሆን እንደ እህት ዝግ ብላ አስረዳችኝ። ያለፈው የጭንቅላት ወይም የአከርካሪ ችግር ከነበረ እንደገና ሊመጣ ይችላል። እንዲያ ከሆነ ከማርገዜ በፊት ጀምሬ ፎሊክ አሲድ፣ ያውም ከተለመደው ከፍ ያለውን፣ መውሰድ ነበረብኝ።

«ማንም አልነገረሽም?»

«የነገረኝ የለም።»

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሪ። የደም ምርመራም አለ፤ አስራ ስድስተኛ ሳምንትሽ ላይ ከክንድሽ አንድ ብልቃጥ ደም እንወስዳለን፣ ውጭ አገር ይላካል፣ ውጤቱ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ግን ልብ በይ፤ ችግር አለ ወይም የለም አይልሽም። ስጋቱ ከፍ ያለ ነው፣ ወይም ዝቅ ያለ ነው ነው የሚልሽ። ከፍ ካለ ደግሞ ጠለቅ ያለ አልትራሳውንድ እናደርጋለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ውሳኔው የናንተ ነው። የማይድን ከባድ ችግር ከሆነ ማቋረጥን ሕጉ ይፈቅዳል። አንፈልግም ካላችሁም የሚያስገድዳችሁ የለም። መመርመሩንም መተው ትችያለሽ።»

መልስ የማይሰጥ ምርመራ! እኔ «መጋረጃው ለመስኮቱ ይደርሳል ወይ?» ተብዬ «የማጠር ስጋቱ ዝቅ ያለ ነው» ብል ደንበኛዬ ጥላኝ ወደ ጎረቤት ሱቅ ነው የምትሄደው። እንዲህ እያልኩ በልቤ ልቀልድ ሞከርኩ። ደረጃውን ስወርድ ግን ተናደድኩ። የተናደድኩት በዶክተሯ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ እኔን ላለማስደንገጥ የተያዘው ዝምታ፣ አሁን በሆዴ ያለውን ልጅ ያለ ጥበቃ ጥሎት እንደሆነስ ብዬ ነው።

ባለቤቴ ያን ሰሞን እረፍት ላይ ነበር። ነገርኩት። የጠቀለለውን እንጀራ ወደ ትሪው መለሰ።

«ማወቁ ምን ይጠቅመናል? የመጣውን መቀበል ነው» አለ።

«ምን እንደሚመጣ ሳላውቅ?»

«እና ብታውቂ ምን ልታደርጊ ነው?»

ይህን ቢልም ነገሩን እንዳለ አልተወውም፤ በማግስቱ ሰፈር መስጊድ ሄዶ ኢማሙን ጠየቀ። ኢማሙም ነፍስ የሚነፋው በመቶ ሃያኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ከባድ ምክንያት ካለ የሚፈቅዱ ዑለማዎች አሉ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ነፍስ ነው አሉት። ዶክተሯ ከመጨረሻው የወር አበባዬ ጀምራ በሳምንት ትቆጥራለች፣ ኢማሙ ከተፀነሰበት ጀምረው በቀን። ወረቀት ይዤ ሱቄ ውስጥ ሁለቱን አገናኘኋቸው። ደሙ በአስራ ስድስተኛው ሳምንት ቢወሰድ፣ ውጤቱ በሁለት ሳምንት ቢመጣ፣ መቶ ሃያ እስኪሞላ የሚተርፈን አንድ ሳምንት ግድም ነው። አንድ ሳምንት! እኔ ለመጋረጃ ቀለም ለሚመርጥ ሰው ከዚያ የበለጠ ጊዜ እሰጣለሁ።

አማቴ ደግሞ ወሬውን ከልጇ ሰምታ አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ተዪው፣ አትነካኪው» አለችኝ። እጇ ላይ ያለው ቢላ ግን ቆሞ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሬ ማየት የማልፈልገውን ነገር ማየት ጀመርኩ። አማቴ የከሰዓቱን የአስር ሶላት ከሰገደች በኋላ መስገጃዋን ቶሎ አታነሳም። ሌላውን ሶላት ሰግዳ ወዲያው ነው ወደ ሥራዋ የምትነሳው፤ የአስሩን ግን ጨርሳ በረንዳው በኩል ዞራ ትቀመጣለች። ግራ እጇ ክርኗ ላይ ታጥፎ፣ መዳፏ ወደ ላይ ተከፍቶ፣ እንደዚያው ረጅም ጊዜ ትቆያለች። አራት ዓመት አብሬያት ኖሬ ዱዓ እያደረገች ይመስለኝ ነበር። ዱዓ በሁለት እጅ ነው። ያ አያያዝ የሌላ ነገር ነው፤ ሕፃን የታቀፈ ያውቀዋል።

ቤቱ ከበደኝ። በቀን የሚያልፈው አውሮፕላን እንኳ ሲያስገመግም ሆዴን በሁለት እጄ እሸፍን ነበር። ሱቅ ውስጥ ነጭ ስስ ጨርቅ እየቆረጥኩ፣ ከመቀሱ ጀርባ የሚያለቅስ ሕፃን የሰማሁ ይመስለኛል። ዞር ስል ከኮሪደሩ ማዶ የጎረቤት ሱቅ ስልክ ነው። ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት ልጅ ድምፅ ይመጣብኛል። በሆዴ ያለው የተንቀሳቀሰ ሲመስለኝ ደስታዬ ግማሽ ነበር፤ ግማሹ «አንቺ ነሽ? ተመልሰሽ ነው?» የሚል ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እብድ ነው የሚሉኝ።

አስራ ስድስተኛው ሳምንት ገባ። ቀጠሮዬ ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ፣ የአራብሳን አውቶቡስ ተጋፍቼ፣ አምስቱን ፎቅ እያረፍኩ ወጥቼ ቤት ስደርስ አማቴ መስገጃዋ ላይ ነበረች። ግራ እጇ ታጥፏል። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ስልኩን ይነካካል። ጫማዬን አውልቄ ከመስገጃዋ ጫፍ ቁጭ አልኩ።

«እማ» አልኳት፣ እንደዚያ ነው የምጠራት። «ነገ ደም ልስጥ አልስጥ አላወቅኩም። ለመወሰን ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብኝ። ልጄን ያዩዋት እርስዎ ነዎት። ምን ነበረች?»

«ተዪው ልጄ።»

«አልተውም። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ አፈርኩ። የገዛ ልጄን አላውቃትም አልኳት።»

ባለቤቴ ስልኩን ዘቅዝቆ አስቀመጠ። «እማዬ፣ እንዳትነግሪያት» ያለ ይመስል ዓይኑ እናቱ ላይ ነበር። ያኔ ገባኝ፤ እሱም ያውቃል።

አማቴ የታጠፈ እጇን አልዘረጋችም። እንዳለ አድርጋው ተናገረች።

«ጭንቅላቷ ከግንባሯ በላይ አልተዘጋም ነበር። ሽፋን አልነበራትም። ከዚያ በታች ግን፣ ወላሂ፣ ያንቺ ነበረች። አፏ ያንቺ። ጣቶቿ ረጃጅም። ማጅራቷ ላይ ጥቁር ፀጉር ነበራት። ሐኪሞቹ አትቆይም አሉኝ። አንቺን አምቡላንስ ውስጥ አስገቡሽ። አንዷን መምረጥ ነበረብኝ። ከአንቺ ጋር ጎረቤታችን ሄደች፣ እኔ ከሷ ጋር ቀረሁ።»

«ከሷ ጋር? ሞታ አልነበር የተወለደችው?»

ከታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳሷ የሕንፃውን ግድግዳ ስትመታ ይሰማ ነበር።

«ጠዋት ነበር የተወለደችው» አለች። «እስከ አስር ቆየች። የሠራሽላትን ኮፍያ አደረግኩላት፣ ሰው እንዳይፈራት። ወንድ አልነበረምና አዛኑን በጆሮዋ እኔው አልኩላት። ስም አወጣሁላት። ጣቴን ይዛኝ ነበር። አስር ሲባል ለቀቀችኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም ብዬ ነው፣ ልጄ። ቆይታ ነበር ብልሽ፣ እነዚያን ሰዓቶች ስትፈልጊ ትኖሪያለሽ ብዬ ነው።»

ባለቤቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ያለቅስ ነበር። ከጅቡቲ ሲመለስ ነግረውታል። የሰገዱባት፣ የቀበሯት የሕንፃው ወንዶችም ያውቃሉ፤ በስሟ ነው የሸኟት። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ» የሚለኝ ዘበኛ ሳይቀር የልጄን ስም ያውቃል። አራት ዓመት በዚያ ደረጃ ስወጣና ስወርድ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ልጄን ወሰዳችሁብኝ» አልኩ።

«ማንም አልወሰዳትም» አለች አማቴ ቀስ ብላ። «አንቺን ነው የወሰዱሽ።»

ተነስታ ወደ ክፍሏ ሄደች። የትራሷን ልብስ ፈታ ኮፍያዋን አመጣችልኝ። ቢጫው ደብዝዟል፤ ከኋላዋ አንዲት ቡናማ ነጥብ አለች። አማቴ በዚያ ትራስ ላይ አራት ዓመት ተኝታለች። ላንቋሽሻት፣ ልሰድባት ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልሆነልኝም። እኔ ባላወቅኩት ነገር ስሰቃይ፣ እሷ ባወቀችው ነገር ብቻዋን ስትሰቃይ ኖራለች። ንዴቴ ግን አልወጣም፤ ዛሬም ያለበት አለ። ቢጫዋን ኮፍያ ይዤ እንግዲህ የማያውቁት አገር እንዴት እንደሚናፍቅ እሷን ማን ይንገራት እያልኩ ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ «እንግዲህ ነገስ?» አለኝ።

«እሰጣለሁ።»

«ክፉ ነገር ቢመጣስ? ኢማሙ ያሉት ቀን እየደረሰ ነው። ምን እናደርጋለን?»

«አላውቅም። ልጠቀምበት እችላለሁ፣ ላልጠቀምበትም እችላለሁ። ግን ይህም ልጅ ዕድሜው አንድ ጠዋት ከሆነ፣ ያ ጠዋት የኔ ነው። ቀድሜ አውቄ፣ ቀድሜ ነግሬ፣ ደሜ እየፈሰሰም ቢሆን ደረቴ ላይ አስቀምጡልኝ እላለሁ። ማንም ስለኔ አይወስንልኝም። አንተም፣ እማም።»

በማግስቱ ከኔ ቀድሞ ተነስቶ ጫማዬን በሩ ጋ አስተካክሎ አስቀምጦልኝ ነበር። አብሮኝ መጣ።

ደም የምትቀዳው ልጅ ቅጽ ዘረጋችልኝ። ከዚያ በፊት በሌላ ቦታ በየቅጹ «ስንተኛ ልጅ» የሚል ሲመጣ የመጀመሪያ እያልኩ እሞላ ነበር፤ ሰው እንዳይጠይቀኝ። ያን ቀን ሁለተኛ ብዬ ጻፍኩ። ክንዴን አሰረችኝ፣ መርፌው ገባ፣ ብልቃጡ ሞላ። ትንሽ ነገር ናት፤ ለአንድ ድስት ወጥ የሚበቃ ጨው አትይዝም። በዚያው ሳምንት አውሮፕላን ሱቄ ላይ ሲያልፍ ቀና ብዬ፣ እኔ ዓለምን አይቼ ሳላውቅ ደሜ ውጭ አገር ደረሰ አልኩ። ጎረቤቴ ሳቀችብኝ፤ ስለ ምን እንደማወራ ግን አላወቀችም።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንደኖርኳቸው ብዙ አልናገርም። አማቴ የአስሩን ሶላት ስትጨርስ እኔም ቤት ካለሁ ከጎኗ እቀመጥ ነበር። አናወራም። አንድ ቀን ብቻ «ድምፅ ነበራት?» አልኳት። «እንደ ድመት ግልገል ያለ፣ አንዴ» አለችኝ። ያን ድምፅ ይዤ ሌላ ሳምንት ኖርኩ።

ውጤቱ ስጋቱ ዝቅ ያለ ነው ብሎ መጣ። ባለቤቴ ወረቀቱን ሳመው። እኔ ግን ደስታዬን ሙሉ አድርጌ ማውጣት አልቻልኩም፤ ዝቅ ያለ ማለት የለም ማለት አይደለም፣ ራሷ ዶክተሯ ነግራኛለች። አልትራሳውንዱም ደህና ነው አለ። ሆኖም በወለድኩ ቀን ልጁ ወጥቶ አዋላጇ ይዛው ሁለት እርምጃ ስትሄድ «የት ነው የምትወስጂው!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት ኮሪደሩ ድረስ ተሰምቷል። «ሚዛን ላይ ነው እህቴ፣ ይኸው፣ ይታይሻል» አለችኝ። አምጥታ ደረቴ ላይ ስታስቀምጠው መጀመሪያ ያደረግኩት መዳፌን ጭንቅላቱ ላይ ማኖር ነው። ድፍን ነበር። ይሞቃል። እርግብግቢቱ ከእጄ ሥር ይመታ ነበር።

አሁን ሦስት ዓመት አልፎታል። እስካሁንም ከሰዓት በኋላ ሲያሸልብ መዳፌ ሳላውቀው ጭንቅላቱ ላይ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ማጅራቱ ይወርዳል፣ ፀጉሩን ይፈልጋል። እሱ ሲነቃ ይበሳጫል። «ምን ፈልገሽ ነው?» ይለኛል። «ምንም» እለው ነበር። ባልኩት ቁጥር ከአፌ የሚወጣው የአማቴ ድምፅ ነው፤ ያ «ለሰው ሰጠኋት» ያለችበት ድምፅ።

ባለፈው እሁድ እንደዚሁ እጄን ገፍቶ «ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። ምንም ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት። «እህት ነበረችህ» አልኩና ስሟን ነገርኩት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የቤታችን ነው። ልጄ ግን እንደ ልጅ ነውና ምኑም አልከበደውም። አልጋው ላይ ቆሞ፣ አዲስ ቃል ሲማር እንደሚያደርገው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ ጠራት።

ማዕድ ቤት ውስጥ አማቴ ሳህን እያጠበች ነበር። የሳህኑ ድምፅ ቆመ።